ጅዳ – አዲስ አበባ፦ በአየር ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በመንገድ አንድ ሙሉ ቀን

ትኬቱ ላይ «ዓርብ 01:50» ይላል። እህታችን ዓርብን ሙሉ ቀን ስትሠራ ዋለች። የመጨረሻዋን ሳህን አጥባ፣ ልጆቹን ስማ፣ ከመግሪብ በኋላ ሻንጣዋን አስጭና ጅዳ ኤርፖርት ደረሰች። ትኬት የሚያየው ልጅ ስልኳን ተቀብሎ አነበበና ቀና አለ፦ «እህቴ፣ ይሄ በረራ እኮ ትናንት ሌሊት ነው የሄደው።»

እንዲህ ያለ ታሪክ በጅዳና በመካ ያሉ እህቶች ሲገናኙ የሚያወሩት ነው። አንዷ በራሷ ደርሶባታል፣ ሌላዋ በጓደኛዋ። ሴትየዋ ማንበብ አቅቷት አይደለም። ዓርብ የሚለውንም ቁጥሩንም በትክክል አንብባለች። የተሳሳተችው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፦ በእኛ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ በአየር መንገድ አቆጣጠር ግን እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በዚያች ልዩነት የሁለት ዓመት ናፍቆት ቢያንስ በአንድ ቀን ተራዘመ፣ የትኬቱም ገንዘብ አደጋ ላይ ወደቀ፣ እናትም ቦሌ በር ላይ በከንቱ ቆመው አደሩ።

ከጅዳ አዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። መንገዱን የሚያረዝሙት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ሰዓት፣ ካላንደር፣ ትራንዚት፣ ቪዛ፣ ከቦሌ በኋላ ያለው የአውቶቡስ መንገድ። በዚህ ጽሑፍ አንድ በአንድ እናያቸዋለን።

ርቀቱ ስንት ነው?

ከጅዳው ንጉሥ አብዱልአዚዝ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት እስከ ቦሌ ድረስ ቀጥታ መስመር ቢሰመር 1,405 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከሌሎች ከተሞች ጋር ሲነጻጸር ግን ትርጉሙ ይገባል። ከሪያድ አዲስ አበባ 1,960 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኩዌት 2,440፣ ከዱባይ 2,500፣ ከቤይሩት ደግሞ 2,770 ገደማ። እህቶቻችን በብዛት ከሚሠሩባቸው ከእነዚህ ከተሞች ሁሉ ለአገራችን የምትቀርበው ጅዳ ናት ማለት ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ካርታ ዘርግታችሁ ጣታችሁን ጅዳ ላይ አድርጉና ቀጥ ብላችሁ ወደ ታች አውርዱት። ቀይ ባሕርን ተሻግራችሁ፣ ደጋውን ወጥታችሁ፣ አዲስ አበባ አጠገብ ትደርሳላችሁ። ሁለቱ ከተሞች ከሞላ ጎደል በአንድ መስመር ላይ፣ አንዱ ከሌላው በስተሰሜን የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ ሰዓታቸውም አንድ ነው። ከጅዳ ተነስታችሁ ቦሌ ስትወርዱ የእጅ ሰዓታችሁን ማስተካከል አያስፈልግም። ዱባይ ያለች እህት ግን አንድ ሰዓት መቀነስ አለባት።

ፀሐይዋም አንድ ናት ማለት ይቻላል። በሰኔ አጋማሽ የጅዳ ፀሐይ ከአዲስ አበባ ሃያ ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትጠልቃለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቀድማ። ጅዳ ላይ መግሪብ ሲያዛኑ አገር ቤት ከብት የሚገባበት፣ እሳት የሚቀጣጠልበት ሰዓት ነው። እናታችሁ መቼ ስልክ ለማንሳት እንደሚመቻቸው ለማወቅ በመስኮት ፀሐይዋን ማየት ይበቃል።

በረራው ለምን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል?

የመንገደኛ ጄት ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። በዚህ ፍጥነት 1,405 ኪሎ ሜትር ከሁለት ሰዓት በታች ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን ትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ አየር ላይ ያለው ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነቃንቆ ወደ መንደርደሪያው የሚሄድበት፣ ቀስ እያለ ከፍታ የሚይዝበት፣ ለማረፍ ፍጥነቱን የሚቀንስበት፣ ካረፈም በኋላ እስኪቆም ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው። ለዚህ ነው ትኬታችሁ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ የምታዩት።

አውሮፕላኑ ሁልጊዜ ቀጥታ መስመሩን አይከተልም። ፓይለቶች የሚበሩት በተፈቀደላቸው የአየር መስመር ነው፤ የአየር ጠባይና የአገሮች ግንኙነትም መንገዱን ይለውጡታል። ቀጥታው መስመር የሚያልፈው በአሥመራ አካባቢ ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጦርነት በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ተዘጋግተው ከቆዩ በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሥመራ ዳግም የበረረው ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር። የዚህ አየር መንገድ የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ሲሆን፣ በመንገዱ ያረፈውም እዚያው አሥመራ ላይ ነው።

ከመስኮት የሚታየው

በቀን የምትበሩ ከሆነና መቀመጫ መምረጥ ከቻላችሁ፣ ወደ አገር ስትሄዱ የግራውን መስኮት ጠይቁ። አውሮፕላኑ ወደ ደቡብ ስለሚሄድ ግራው ምሥራቅ ነው። መጀመሪያ የቀይ ባሕር ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ደረቁ የባሕር ዳርቻ፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ ብሎ የሚነሳው ደጋ ይመጣል። ቀጥታውን መስመር ከተከተለ ደግሞ የሰሜኑን ተራሮች አልፎ ወሎ ላይ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ነው የወሎ ልጅ ልቧ የሚመታው። ከጅዳ ደሴ በቀጥታ መስመር 1,170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በብዙ ይቀርባል። ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው አውሮፕላኑ በደሴ አቅጣጫ ያልፋል። ከቤቷ በላይ አልፋ፣ ቦሌ ወርዳ፣ ከዚያ 400 ኪሎ ሜትር በመኪና ወደ ኋላ፣ ወደ ሰሜን ትመለሳለች። ከአገር አገር ያሻገራት በረራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከፈጀ፣ ያ የመኪና መንገድ የሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈጅባታል።

አንድ ነገር አስቡ። ጅዳ የባሕር ጠርዝ ላይ ናት፤ ቦሌ ኤርፖርት ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በበጋው የጅዳ ሙቀት 40 ዲግሪ ሆኖ ስትነሱ አዲስ አበባ የሚቀበላችሁ የክረምት ዝናብና ብርድ ነው። ወፍራም ልብስ በትልቁ ሻንጣ ሳይሆን በእጅ በምትይዙት ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ጆሯችሁ ሲደፈን ማስቲካ ማላመጥ ወይም ደጋግሞ ምራቅ መዋጥ ይረዳል። መጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ፤ ሰውነታችሁ ደጋውን ረስቶት ነው።

መካ ላላችሁ እህቶች

መካ ኤርፖርት የላትም። ርቀቱ ቢለካ ከአዲስ አበባ እስከ መካ 1,380 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጅዳ እንኳ ትንሽ ትቀርባለች። ሆኖም ለመብረር መጀመሪያ ወደ ጅዳ መውረድ ግድ ነው። ከመካ ጅዳ ከተማ ከ75 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ነው። ኤርፖርቱ ደግሞ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በመኪና መንገዱ ካልተዘጋጋ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል መያዝ ነው።

ሌላው አማራጭ የሐረመይን ፈጣን ባቡር ነው። መስመሩ በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ተመርቆ በጥቅምት ወር ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። መካን፣ ጅዳን፣ ኤርፖርቱን፣ ራቢግ አካባቢ ያለውን የንጉሥ አብዱላህ ኢኮኖሚክ ከተማንና መዲናን ያገናኛል። ርዝመቱ 450 ኪሎ ሜትር ሲሆን ባቡሩ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የመካው ጣቢያ ሩሰይፋ ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጅዳ ውስጥ ሁለት ጣቢያ አለ፤ አንዱ ከተማው ውስጥ ሱለይማንያ፣ ሌላው ኤርፖርት ውስጥ። ትኬት ስትቆርጡ «ኤርፖርት» የሚለውን ምረጡ። ሁለተኛ፣ የኤርፖርቱ ጣቢያ ከአዲሱ ተርሚናል 1 ጋር የተያያዘ ነው። በረራችሁ ከሌላ ተርሚናል ከሆነ ከዚያ ወደዚያ የምትሄዱበት ጊዜ ጨምሩ። በኤርፖርቱ ውስጥ እንደ ድንኳን የተወጠረ ጣሪያ ያለው የሐጅ ተርሚናልም አለ፤ ሹፌሩ በስህተት እዚያ እንዳያወርዳችሁ የተርሚናሉን ቁጥር አስቀድማችሁ ንገሩት።

በሐጅ ሰሞን ሌላ ነገር ይጨመራል። ከሐጅ በፊት ባሉት ሳምንታት ኢቃማው ከመካ ያልወጣ ነዋሪ ያለ ፈቃድ ወደ መካ እንዳይገባ በየኬላው ይፈተሻል። የምትሠሩበት ቤት መካ ሆኖ ኢቃማችሁ የወጣው ከጅዳ ከሆነ፣ ከእረፍት የምትመለሱበት ቀን በዚያ ወቅት ላይ እንዳይወድቅ ወይም ከፊሉ ፈቃዱን አስቀድሞ እንዲያወጣ መነጋገር ያስፈልጋል። ሙስሊም ያልሆነች እህት ደግሞ በማንኛውም ጊዜ ወደ መካ ሐረም ክልል መግባት አትችልም፤ ከጣይፍ ወደ ጅዳ ኤርፖርት የምትመጣ ከሆነ መኪናው በዙሪያው መንገድ መሄዱን ታረጋግጥ።

በትኬት ላይ ያለውን ሰዓት ማንበብ

ወደ መጀመሪያው ታሪክ እንመለስ። አየር መንገዶች ሰዓት የሚጽፉት ከ00:00 እስከ 23:59 ነው። ወደ ሐበሻ ሰዓት ለመለወጥ ሦስት መንገድ ብቻ ያዙ።

ከ00:00 እስከ 06:00 ከሆነ 6 ደምሩ። 00:30 ማለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። 03:00 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

ከ07:00 እስከ 18:00 ከሆነ 6 ቀንሱ። 09:15 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ነው። 14:00 ከቀኑ 8 ሰዓት ነው።

ከ19:00 እስከ 23:59 ከሆነ 18 ቀንሱ። 19:40 ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40 ነው። 23:00 ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው።

በ06:00 እና በ07:00 መካከል ያለው ጊዜ፣ ለምሳሌ 06:30፣ ለእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። 18:30ም እንዲሁ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

አሁን ዋናው ወጥመድ። ሰዓቱ በ00 ወይም በ01፣ በ02፣ በ03፣ በ04፣ በ05 የሚጀምር ከሆነ፣ ከቤት የምትወጡት ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት ባለው ምሽት ነው። አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፦ «አጥቢያ»። «ዓርብ 01:50» ማለት «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ50» ማለት ነው። ትኬቱ ሲደርሳችሁ በወረቀት ላይ በዚህ መንገድ ጻፉትና ፍሪጅ ላይ ወይም አልጋችሁ አጠገብ ለጥፉት። ለማዳምም አሳዩአት። «ሐሙስ ማታ ከኢሻ በኋላ ነው የምንወጣው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተግባቡ፤ እሷም ብትሆን ዓርብ የሚለውን ብቻ አይታ ሐሙስ ማታ እንግዳ ልትጠራ ትችላለች።

ሦስት ካላንደር በአንድ ቤት

ሰዓቱ ከተፈታ በኋላ ቀኑ አለ። አንዲት እህት ሳውዲ ውስጥ በሦስት ካላንደር ትኖራለች። ማዳም «ከዒድ በኋላ ትሄጃለሽ» ትላታለች፤ ይህ የሒጅራ ነው። ትኬቱ በፈረንጅ ይወጣል። እናቷ ደግሞ «ለመስቀል ትደርሻለሽ?» ወይም «ለመውሊድ ትመጪያለሽ?» ይሏታል።

«10/3» የሚል ጽሑፍ ብታዩ በሦስቱም የተለያየ ቀን ነው። በፈረንጅ መጋቢት 1 ነው። በእኛ ኅዳር 10 ነው። በሒጅራ ደግሞ የረቢዑል አወል 10ኛ ቀን ነው፤ እርሱም በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደፊት ይመጣል፣ የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ብቻ ስለሆነ። የሳውዲ የሒጅራ ካላንደር «ኡሙል ቁራ» ይባላል፤ ትርጉሙ «የከተሞች እናት»፣ ማለትም መካ ራሷ ናት። መንግሥት ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሠራተኞቹን ደመወዝ የሚከፍለው በፈረንጅ ካላንደር ነው፤ በወረቀቶች ላይ ግን የሒጅራ ቀን እስካሁን ታገኛላችሁ።

ስለዚህ የኢቃማችሁን፣ የፓስፖርታችሁንና የቪዛችሁን ማብቂያ ስትጠይቁ «በሂጅሪ ነው በሚላዲ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በሐበሻ ለውጣችሁ ጻፉ።

ቀጥታ ነው ወይስ ትራንዚት?

ከጅዳ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሳውዲያም በቀጥታ ይበራሉ። ይሁንና ርካሽ ትኬት ፈልጎ በሌላ ከተማ በኩል የሚያዞር ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ የሁለት ሰዓት ተኩሉ መንገድ አሥር ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሌሊት ይሆናል። ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዱባይ መሄድ ከአገራችሁ መራቅ ነው፤ ከዚያ ያን ሁሉ ርቀት መልሳችሁ ትመጣላችሁ።

ትራንዚት ክፉ ነገር አይደለም፤ ግን አስቀድማችሁ እወቁት። ትኬቱን የሚቆርጥላችሁን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ቦታ ያርፋል? መሐል ላይ ስንት ሰዓት እጠብቃለሁ? ሻንጣዬ በቀጥታ ቦሌ ይሄዳል ወይስ መሐል ላይ ወስጄ እንደገና አስመዝግባለሁ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ሲቆረጡ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በረራ ከዘገየ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም።

የኪሎውም ነገር እንዲሁ ነው። «ለጓደኛዬ ይህን ያህል ኪሎ ፈቅደውላታል» በሚል አትጫኑ፤ የተፈቀደላችሁ የራሳችሁ ትኬት ላይ ተጽፏል። ቤት ውስጥ ሚዛን ካለ መዝኑ። ኤርፖርት ወለል ላይ ሻንጣ ከፍቶ ለእናት የተገዛ ብርድ ልብስና ለእህት ልጅ የተገዛ ጫማ እያወጡ መምረጥ ያሳዝናል። ዘምዘም የምትወስዱ ደግሞ ከልብስ ጋር ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ በታሸገ ባለ 5 ሊትር ካርቶኑ ለብቻው ነው የሚሄደው።

ከበር እስከ በር ሲቆጠር

መካ ውስጥ የምትሠራ የደሴ ልጅን መንገድ እንቁጠር። በረራዋ 02:00፣ ማለትም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው እንበል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከቤት ትወጣለች። 4 ሰዓት ተኩል ላይ ኤርፖርት ትደርሳለች፤ ለሻንጣና ለጀዋዛት ሦስት ሰዓት ተኩል አላት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቦሌ ታርፋለች። ፓስፖርት አስመትታ ሻንጣዋን እስክታገኝ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች በንጋት ስለሚነሱ፣ ያመለጣት እንደሆነ ወይ ሌላ መኪና ትፈልጋለች ወይ አዲስ አበባ ታድራለች። ከቀናት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወይም ምሽት ላይ ደሴ ትገባለች። ከመካው በር እስከ ደሴው በር ሃያ ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ በአየር ላይ የነበረችው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው።

ወደ ጅማም ቢሆን ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። አቅም ካላችሁ ወደ ኮምቦልቻም ወደ ጅማም የአገር ውስጥ በረራ አለ፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። በመኪና ለምትሄዱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ለቤተሰብ ደውላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ። በሌሊት አትጓዙ። ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ በሙሉ በእጃችሁ ይዛችሁ አትሂዱ፤ አስቀድማችሁ በባንክ ላኩት።

የአንድ ወሩ እረፍት

በሳውዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ መሠረት ሁለት ዓመት ሠርታ ኮንትራቷን የምታድስ ሠራተኛ የአንድ ወር እረፍት ከነደመወዟ ታገኛለች። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደግሞ የደርሶ መልስ መጓጓዣ ወጪን አሠሪው እንደሚሸፍን ይደነግጋል። ኮንትራታችሁ ላይ ስለ ትኬት ምን እንደተጻፈ አንብቡ፣ ካልቻላችሁ አስነብቡ፤ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ሠላሳ ቀን ብዙ ይመስላል። መሄጃና መመለሻው ሁለት ሁለት ቀን ከወሰደ ሃያ ስድስት ይቀራል። በረራ ያመለጣት እህት ደግሞ የሚቀጥለው ክፍት ወንበር ከሦስት ቀን በኋላ ቢሆን ሃያ ሦስት ይቀራታል። በረመዳንና በሐጅ ሰሞን ወንበር ሲጠፋ ዋጋውም ይጨምራል። ለዚህ ነው ስለ ሰዓት አነባበብ ይህን ያህል የጻፍነው። ከታመመች እናት ጋር የሚታደሩ ሦስት ሌሊቶች በገንዘብ አይመለሱም።

ለእረፍት የምትሄዱ «ኹሩጅ ወዐውዳ»፣ ማለትም የመውጫና የመመለሻ ቪዛ መያዛችሁን አረጋግጡ። ኮንትራታቸውን ጨርሰው ለመጨረሻ ጊዜ የሚሄዱት የሚይዙት «ኹሩጅ ኒሃኢ» የሚባለውን ነው። ሁለቱን ማምታታት ከባድ ዋጋ ያስከፍላል፤ በመጨረሻ መውጫ የወጣች ሴት በዚያው ኢቃማ አትመለስም። በመመለሻው ቪዛ ላይ «ከዚህ ቀን በፊት ተመለሺ» የሚል ቀን ካለ፣ ያ ቀን እናንተ ጅዳ ተቀምጣችሁ በረራ ስትጠብቁም አይገፋም። የመመለሻ ትኬታችሁ ከዚያ ቀን ቢያንስ ጥቂት ቀናት ቀደም ይበል።

ይህ መንገድ የቆየ ነው

በመካና በሐበሻ መካከል ሰው መመላለስ የጀመረው በአውሮፕላን ዘመን አይደለም። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ በመካ መከራ የበዛባቸው የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። የተነሱት ከሹዐይባ ነው፤ ከጅዳ በስተደቡብ ያለች የባሕር ዳር ቦታ ናት፣ ያኔ የመካ ወደብ እርሷ ነበረች። ጅዳ የመካ ወደብ የሆነችው ከዚያ በኋላ፣ በኸሊፋ ዑስማን ዘመን ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ስደተኞቹ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አግኝተው በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። ከመካከላቸው ሴቶችም ነበሩ። ነጃሺ ተቀበላቸው፣ አሳልፎም አልሰጣቸውም።

መካ ውስጥም ሐበሾች ነበሩ። ቢላልን የማያውቅ የለም። ኡሙ አይመንን ግን ሁሉም አያነሳትም። ባራካ የምትባል ሐበሻዊት ነበረች፤ በነቢዩ ሙሐመድ አባት ቤት አገልጋይ ሆና፣ እናታቸው ሲሞቱ ሕፃኑን ያሳደገች ናት። ነቢዩም «ከእናቴ ቀጥሎ እናቴ» ይሏት እንደነበር ይተረካል። በዛሬዋ መካ የሰው ልጅ አዝላ የምታሳድግ ኢትዮጵያዊት በዚያ ከተማ የመጀመሪያዋ አይደለችም።

ዛሬም ይህን ባሕር በጀልባ የሚሻገሩ አሉ፤ አቅጣጫው ግን ወደዚህ ነው። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የሚነሱ ወጣቶች በጅቡቲ ኦቦክ በኩል የባብ ኤል መንደብን ጠባብ ባሕር አቋርጠው፣ የመንን በእግር ጨርሰው ወደ ሳውዲ ድንበር ይመጣሉ። ባሕሩ በዚያ ቦታ ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሆኖም እናንተ በሁለት ሰዓት ተኩል የምትበሩት መንገድ ለእነርሱ ሳምንታት፣ ለአንዳንዶቹም ወራት ይፈጃል፤ በደላላ እጅ፣ በረሃ ላይ፣ ጦርነት መሐል። ሳይደርሱ የቀሩ ብዙ ናቸው። የደረሱትም ወረቀት ስለሌላቸው ተይዘው ይመለሳሉ፤ ከኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ተመልሰዋል። ታናሽ ወንድማችሁ ወይም የጎረቤት ልጅ ደውሎ «እኔም ልምጣ» ቢላችሁ፣ ርቀቱን ስትነግሩት ሁለቱንም መንገድ ንገሩት።

ለቦሌ የሚቆሙት

አንድ ነገር ይቀራል። የበረራችሁን ቁጥርና የምትደርሱበትን ሰዓት ለቤተሰብ በሐበሻ አቆጣጠር ላኩ። «ዓርብ 04:30» ብላችሁ ብቻ አትላኩ፤ «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል» በሉ። የበረራ ቁጥሩን የያዘ ወንድም ወይም ጎረምሳ አውሮፕላኑ መዘግየቱን ከስልኩ ማየት ይችላል፤ እናት በብርድ ቆመው አያድሩም።

ያቺ በረራ ያመለጣት እህትስ? በእንዲህ ያለው ቀን የሚደረገው ይታወቃል። ወዲያው እዚያው ኤርፖርት ያለውን የአየር መንገዱን ቢሮ ትጠይቃለች፤ እንደ ትኬቱ ዓይነት ቅጣት ከፍላ ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይነግሯታል። የቪዛዋን ቀን ታያለች። ለከፊሏ ትደውላለች። ከሁሉ በፊት ግን የምትደውለው ለእናቷ ነው። እናት ቦሌ በር ላይ ሆነው ስልኩን ያነሳሉ፣ ነገሩን ይሰማሉ፣ እንደ ሁሉም እናት «አይዞሽ ልጄ፣ ደህና መሆንሽ ይበቃኛል» ይላሉ። ቀጥሎም ይጠይቃሉ፦ «ታዲያ መቼ ነው?»

ያን ጊዜ ቀኑን አስተካክላችሁ ንገሯቸው።